ባዶ የማይሆን ባሕር፦ የቀይ ባሕር ወፎች ከክረምት እስከ በልግ

ሰኔ ነው። ደጋው ጃንጥላና ካፖርት በሚያወጣበት በዚህ ወር ከምጽዋ ወዲያ በተበተኑት የዳህላክ ደሴቶች ላይ ዝናብም ደመናም የለም። ከደሴቶቹ መካከል አንዷን ትንሽ ደሴት እናስብ፤ ከባሕሩ ወለል ብዙም ከፍ አትልም፣ አሸዋና ያረጀ የኮራል ድንጋይ ናት፣ ዛፍ የላትም፣ የሚጠጣ ውሃም የላትም። ቀትር ላይ አሸዋዋን በባዶ እግር መርገጥ አይቻልም። በሳንቡቅ ጀልባ የሚያልፍ መንገደኛ አንዴ አይቷት «እዚህ ምን ይኖራል?» ብሎ ፊቱን ያዞራል።

ወረድ ብሎ ለሚያይ ግን አሸዋው በጉድጓድ ተሞልቷል። ጉድጓዶቹ ተቀራርበው የተቆፈሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከአንድ ሜትር በላይ አግድም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በመጨረሻው፣ በጨለማው ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ነጭ እንቁላል አለ። የእንቁላሉ ባለቤቶች ነጭና ጥቁር ላባ ያላቸው፣ እግራቸው ረጅም፣ መንቁራቸው ወፍራምና ጥቁር የሆነ ሸርጣን በል ወፎች ናቸው። ከጉድጓዶቹ ራቅ ብሎ፣ ጨው በሚችሉት ቁጥቋጦዎች ሥር፣ ሌሎች የባሕር ወፎች እንቁላላቸውን በአካላቸው ጋርደው ቆመዋል። ሰው «የማያስቀምጥ» በሚለው ወር ደሴቷ በዓመቱ ውስጥ ከምንጊዜውም በላይ ነዋሪ አላት።

ይህች ደሴት በጥር ብትታይ ሌላ ናት። ጉድጓዶቹ ተደርምሰዋል፤ ጫጩቶቹ አድገው ሄደዋል። በእነርሱ ፋንታ ከሰሜን ዋልታ አካባቢ የመጡ እንግዶች በዳርቻው ጭቃ ላይ ትል እየለቀሙ ይውላሉ። በሚያዝያ ደግሞ እነዚያም ተነሥተው ሌሎች ይገባሉ። አንዱ ባሕር በዓመት ውስጥ ብዙ ባሕር ይሆናል፤ ለአንዱ የልጆቹ ማሳደጊያ፣ ለሌላው የበጋ መጠለያ፣ ለሦስተኛው የመንገድ ስንቅ። የባሕር ወፍን ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው ቦታውን ብቻ ሳይሆን ወሩንም ማወቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ባሕሩ ራሱ ሁለት ወቅት አለው

ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ አይገባበትም። ፀሐይ በዓመት ሁለት ሜትር ያህል ውሃ ከላዩ ታተናለች። ይህ ሁሉ ውሃ የሚተካው በዋናነት በስተደቡብ ባለው በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ በኩል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። ሰርጡ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ብቻ አለው። የባሕሩን ደቡባዊ ግማሽ የሚመግበው ይኸው ጠባብ በር ስለሆነ፣ በበሩ የሚገባው ነገር ሲለወጥ የወፎቹ ኑሮም አብሮ ይለወጣል።

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በደቡባዊው ቀይ ባሕር ላይ ነፋሱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይነፍሳል። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጣውን የላይኛውን ውሃ እየገፋ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ያ ውሃ አልሚ ንጥረ ነገሮችን ይዞ ስለሚገባ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን የባሕር ተክሎች፣ ፕላንክተን የሚባሉት፣ ይበዛሉ። እነርሱን ጥቃቅን እንስሳት ይመገባሉ፤ እነዚያን ደግሞ ትናንሽ ዓሦች። በጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የዓለማችን ትልቁ ዓሣ፣ ዌል ሻርክ፣ ከኅዳር ጀምሮ ወደ ዳርቻው ተጠግቶ የሚታየው እንዲህ ያሉትን ጥቃቅን እንስሳት ሊመገብ ነው።

በሰኔ ነፋሱ ይገለበጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል፤ የላይኛውም ውሃ በሰርጡ በኩል ወደ ውጭ ይፈሳል። ባሕሩ በዚህ ጊዜ ይራባል ብሎ የሚገምት ሰው ይሳሳታል። የላይኛው ውሃ ወደ ውጭ ሲፈስ በመካከለኛው ጥልቀት ቀዝቃዛና በንጥረ ነገር የበለጸገ ውሃ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ውስጥ ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ ደቡባዊው ቀይ ባሕር በሁለቱም ወቅት ይመገባል፤ በበጋ ከላይ፣ በክረምት ከሥር። በዳህላክ ዙሪያ ያለው ባሕር ደግሞ ሰፊና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ከሥር የሚመጣው በረከት ፀሐይ ወደምትደርስበት ውሃ ለመድረስ ሩቅ መንገድ አይሄድም።

ደገኛ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። የባሕሩ ዳር ዝናብ ከእኛ ጋር አይገጥምም። አዲስ አበባና ጎንደር በሐምሌ ሲዘንብባቸው ምጽዋ በሙቀት ትነዳለች፤ ጥቂት ዝናቧን የምታገኘው በደጋው በጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። የባሕር ወፎቹም ዓመታቸውን የሚቆጥሩት በደጋው ዝናብ ሳይሆን በባሕሩ ምግብ ነው።

ክረምት፦ የቃጠሎ ወራት ጎጆ

ነጭ ዐይን ሲጋል የሚባለው ወፍ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ሌላ የመራቢያ አገር የለውም። ራሱ ጥቁር፣ መንቁሩ ቀይ፣ በዐይኑ ዙሪያ ያለው ነጭ ቀለበት ከሩቅ የሚለይ ነው። ከሌሎች ብዙ የሲጋል ዓይነቶች በተለየ ዕድሜውን የሚጨርሰው እዚሁ ጠባብ ባሕር ውስጥ ነው። በኤርትራ ደሴቶች፣ በግብፅ ባሉት በስዌዝ ባሕረ ሰላጤ አፍ ደሴቶችና በመካከላቸው ባሉት ዳርቻዎች ይራባል። እንቁላሉን የሚጥለው ክረምት ሲገባ ነው።

የእርሱ ዘመድ የሆነው ጥላሸት የመሰለው ቡናማ ሲጋል በሳይንሳዊ ስሙ «ሄምፕሪኪ» ይባላል። ስሙ የጀርመናዊው ተፈጥሮ አጥኚ የቪልሄልም ሄምፕሪክ መታሰቢያ ነው። ሄምፕሪክ ከባልንጀራው ከኤረንበርግ ጋር ከግብፅ ተነሥቶ የቀይ ባሕርን ዳርቻ ለዓመታት ሲያጠና ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1825 በሰኔ ወር በምጽዋ በትኩሳት ሞተ። ሄምፕሪክ ያልቻለው ያ ሰኔ፣ ስሙን የያዘው ወፍ ልጆቹን የሚወልድበት ወቅት ነው።

ወፍ እንቁላል ታቀፈ ስንል ማሞቁን ነው የምናስበው። በዳህላክ ሰኔ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቀትር ላይ አሸዋው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ የወፍ እንቁላል ውስጥ ያለው ሕይወት ደግሞ ከዚያ በብዙ ባነሰ ሙቀት ይሞታል። ወላጆቹ ሙሉ ቀን የሚሠሩት ሥራ እንቁላሉን ማቀዝቀዝ ነው። ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው ትንሽ ገለጥ አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ ይቆማሉ። ባልና ሚስት ይፈራረቃሉ፤ ተረኛው ሲመጣ አንዳንዶቹ የሆዳቸውን ላባ በባሕር ውሃ ነክረው ይመለሳሉ፤ እርጥበቱ እንቁላሉንም ጫጩቱንም ያቀዘቅዛል። ሰው በዚህ ሰዓት ወደ ጎጆው ቢጠጋና ወላጁ ደንግጦ ቢነሣ፣ እንቁላሉን የሚገድለው የሰውየው እጅ ሳይሆን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚያርፍበት ፀሐይ ነው።

ሌላው ጥያቄ ውሃ ነው። እንዲህ ባሉት ትናንሽ ደሴቶች ላይ ጣፋጭ ውሃ የለም፤ ባሕሩም ከአብዛኛው ውቅያኖስ ይልቅ ጨዋማ ነው። የባሕር ወፎች ይህን የሚችሉት ከዐይናቸው በላይ ባለ የጨው ዕጢ ነው። ዕጢው ከደማቸው ትርፍ ጨው ለይቶ በጣም ጨዋማ ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ፈሳሹ በአፍንጫ ቀዳዳቸው ወጥቶ በመንቁራቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ሲጋል አንዳንዴ ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ የሚታየው ይህን ጠብታ ሊያራግፍ ነው።

ተርን የሚባሉት ቀጫጭን፣ ጭራቸው ሹካ የሆነ ወፎች ከሚያዝያ ጀምረው ከውቅያኖሱ ይመጣሉ። አንዳንዱ ዓይነት በቋጥኝና በቁጥቋጦ ሥር ጥላ ፈልጎ ይወልዳል። ሌላው በገላጣ አሸዋ ላይ እርስ በርስ ተጠጋግቶ፣ ጎረቤቱ በመንቁሩ ሊደርስበት በሚችልበት ርቀት ይሰፍራል። መጠጋጋቱ ራሱ መከላከያ ነው፤ እንቁላል ሊሰርቅ የሚመጣ ሲጋል በመቶ የሚቆጠሩ መንቁሮች ይጠብቁታል።

ሸርጣን በሉ ግን ከሁሉም የተለየ መላ አለው። እንቁላሉን ከፀሐይ ከመጋረድ ይልቅ ፀሐይን ቀጥሮ ያሠራታል። የጣሊያን ተመራማሪዎች በኤርትራ ደሴቶች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ በጉድጓዱ መጨረሻ ያለው ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ቀንም ሌሊትም ብዙ ሳይለዋወጥ ይቆያል። ይህ ለእንቁላል የሚስማማ ሙቀት ነው። ከላይ የሚያቃጥለው አሸዋ ከሥር ማስፈልፈያ ሆኗል ማለት ነው። ወላጆቹም እንቁላሉን ጥለው እስከ 58 ሰዓት ድረስ ሊርቁ ይችላሉ። ባሕር ዳር ቆመው እንቁላል የሚጠብቁ ሌሎች ወፎች ይህን ያህል ጊዜ ቢርቁ ጎጆው ጠፍቷል ማለት ነው።

ይህ ነጻነት ለምን ይጠቅማል? ሸርጣን ያለው ውሃው ጎደል ሲል በሚገለጠው ጭቃ ላይ ነው፤ ጭቃው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደሴቷ ራቅ ያለ ነው። የባሕሩ ጉድለት ሰዓት በየቀኑ ይለዋወጣል፤ አንዳንዴም ሌሊት ላይ ይውላል። እንቁላሉ ራሱን በሚጠብቅበት ጉድጓድ የታመነ ወፍ ግን የባሕሩን ሰዓት ተከትሎ መሄድ ይችላል። በዓለም ላይ ካሉት የባሕር ዳር ረጅም እግር ወፎች መካከል እንዲህ ጉድጓድ ቆፍሮ በመሬት ሙቀት የሚያስፈለፍል ሌላ አይታወቅም። ጫጩቱም እንደ ዘመዶቹ ጫጩቶች በተፈለፈለ በሰዓታት ውስጥ ሮጦ ራሱን አይመግብም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ወላጆቹ የሚያመጡለትን ሸርጣን ይጠብቃል።

የሚጠብብና የሚሰፋ ባሕር

የባሕር ወፍ ለብዙ ወራት የትም ሊሄድ ይችላል። ዓሣ እዚህ ከሌለ ሌላ ቦታ ይበራል፤ የሚያስረው ነገር የለም። ጫጩት ሲወልድ ግን ባሕሩ ይጠብበታል። ከዚያ ወዲያ የእርሱ ባሕር ማለት ሄዶ፣ አድኖ፣ ጫጩቱ ሳይራብ ወይም በፀሐይ ሳይቃጠል የሚመለስበት ርቀት ብቻ ነው። በዚያ ክበብ ውስጥ ዓሣ ከጠፋ ሌላ ባሕር ቢሞላም አይጠቅመውም።

በዚህ ላይ ተርኖች በጥልቀት አይጠልቁም፤ ከውሃው ገጽ ትንሽ ወረድ ያለውን ዓሣ ብቻ ነው የሚደርሱበት። ትናንሾቹን ዓሦች ወደ ላይ የሚያመጣላቸው ሌላ አዳኝ ያስፈልጋቸዋል። ያ አዳኝ ብዙ ጊዜ ቱና ነው። ቱናዎች ከሥር ሆነው የሳርዲንን መንጋ ከበው ወደ ላይ ሲያባርሩት፣ ውሃው ዝናብ የሚወርድበት ይመስል ይፈላል፤ በዚያች ቅጽበት ወፎቹ ከየአቅጣጫው ይወርዳሉ። ቡቢ የሚባለው ቡናማ ወፍ ክንፉን ወደ ኋላ አጥፎ ከከፍታ ላይ ተወርውሮ ይጠልቃል፤ ተርኖቹ ከላይ ሆነው እየተፈራረቁ ይነጥቃሉ። ሁሉም ነገር ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ መንጋው ይበተናል፤ ባሕሩም ጸጥ ይላል።

የምጽዋና የአሰብ አካባቢ ዓሣ አጥማጆች፣ ከአፋር ዳርቻ እስከ ዳህላክ፣ ይህን ትምህርት ቤት ሳይገቡ ያውቁታል። ወፎች በአንድ ቦታ ሰብሰብ ብለው ከወረዱ ከሥር ቱና አለ፤ ጀልባው ወደዚያ ይዞራል። ወፎቹ የቱናውን መኖር ይነግሩናል፤ ቱናው ደግሞ ለወፎቹ ምግብ ያመጣል። ቱና ከልክ በላይ ተጠምዶ ቢጠፋ፣ ሳርዲኑ በባሕሩ ውስጥ ቢኖርም ለተርን ጫጩት አይደርስም። የዓሣ ሀብት አስተዳደርና የወፍ ጥበቃ ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ተደርገው ሲታዩ የሚዘነጋው ይህ ነው።

መፀው፦ መሄድና መምጣት

መስከረም ሲጠባ የደሴቶቹ ነዋሪዎች መነሣት ይጀምራሉ። ተርኖቹ ልጆቻቸውን ይዘው በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ህንድ ውቅያኖስ ይወጣሉ። ከሸርጣን በሎቹ ብዙዎቹ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ወደ ኬንያ፣ ወደ ታንዛኒያና ወደ ማዳጋስካር ይወርዳሉ። እዚያም ቢሆን የወላጅነቱ ሥራ አላለቀም፤ ያደገው ልጅ ከወላጁ ኋላ እየተከተለ ለወራት ምግብ ሲለምን ይታያል። ጠንካራውን ሸርጣን መስበር ጊዜ የሚወስድ ሙያ ነው።

በዚሁ ወቅት በደሴቶቹ ላይ አንድ ወፍ ገና ጫጩቶቹን እየመገበ ነው። ግራጫ ላባ ያለው፣ ክንፈ ረጅም ትንሽ ጭልፊት ነው። ከሌሎች ሁሉ ዘግይቶ፣ ክረምቱ ሲጋመስ ነው እንቁላል የሚጥለው። ምክንያቱ ምግቡ ነው፤ ጫጩቶቹ በሚራቡበት በነሐሴና በመስከረም ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚሻገሩ ትናንሽ ወፎች ባሕሩን ያቋርጣሉ። ድካም የያዛቸው ተሻጋሪዎች ለጭልፊቱ ልጆች ስንቅ ይሆናሉ። ጭልፊቱ ልጆቹን ካሳደገ በኋላ እርሱም ወደ ማዳጋስካር ይሄዳል። ከአቡ ዳቢ ደሴቶች የሳተላይት መሣሪያ ታስሮለት የተለቀቀ አንድ የዚህ ዓይነት ጭልፊት፣ የአረቢያን ምድር አልፎ፣ ኢትዮጵያን አቋርጦ እዚያ ደርሷል። በኛ ሰማይ ላይ ማንም ሳያየው ያለፈ የባሕር ደሴት ልጅ ነው።

በጋ፦ የጭቃው ሀብት

ከጥቅምት በኋላ ትዕይንቱ ከደሴቶቹ አሸዋ ወደ ዳርቻው ጭቃ ይዛወራል። ከሰሜን ሳይቤሪያ የቀዘቀዘ ምድር፣ በአጭሩ የዋልታ በጋ ወልደው ያሳደጉ ወፎች ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ መንቁራቸው እንደ ማጭድ የታጠፈና ረጅም ነው። የመንቁራቸው ልክ የምግባቸውን ጥልቀት ይወስናል፤ አጭሩ ከላይ ይለቅማል፣ ረጅሙ ጭቃውን ወግቶ ትሉን ከሥር ያወጣል። በአንድ ጭቃ ላይ ጎን ለጎን ቢሰማሩም የሚሻሙት አንድ ገበታ አይደለም።

እነርሱን የሚገዛው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ውሃው ሲጎድል ጭቃው ይገለጣል፤ ሲሞላ ይዘጋል። ሲሞላ ወፎቹ ወደ ጨው ማምረቻ ኩሬዎች ዳርቻ፣ ወደ አሸዋ ጉብታዎችና ወደ ማንግሮቭ ደን ጫፍ ሄደው እንደገና እስኪጎድል ያርፋሉ። እረፍቱ ከምግቡ ያላነሰ ዋጋ አለው። ውሻ ወይም ሰው በየጊዜው ካስነሣቸው ያጠራቀሙትን ስብ በከንቱ በረራ ያቃጥሉታል። በኦማን ባር አል ሒክማን በሚባለው ዳርቻ በዚህ ወቅት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ እንዲህ ዓይነት ወፎች ይሰበሰባሉ፤ ሸርጣን በሎችም በሺህ ይቆጠራሉ። የጅቡቲ፣ የምጽዋና የአሰብ ጭቃዎች የዚያው ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው።

አንድ ትንሽ ወፍ ደግሞ መሬትን ጨርሶ ይተዋል። አንገተ ቀይ ፋላሮፕ በስካንዲናቪያ ረግረጎች ይወልዳል፤ በጋውን ግን በአረቢያ ባሕር ላይ፣ ከዳርቻ ርቆ፣ በማዕበሉ ላይ እየዋኘ ያሳልፋል። ውሃው ላይ እየተሽከረከረ ከሥር የሚነሡትን ጥቃቅን እንስሳት ይለቅማል። ረግረግ ላይ የተወለደ ወፍ የዓመቱን ትልቁን ክፍል የባሕር ወፍ ሆኖ ይኖራል።

ዓሣ አዳኙ ኦስፕሬይ በዚህ በጋ ላይ ነው የሚወልደው። በቀይ ባሕር የሚኖሩት ኦስፕሬዮች እንደ አውሮፓ ዘመዶቻቸው ረጅም ስደት አይሄዱም። ዛፍ በሌላቸውና አውሬ በማይደርስባቸው ደሴቶች ላይ የእንጨት ክምር ጎጆ መሬት ላይ ይሠራሉ፤ እንቁላላቸውንም ተርኖቹ በሌሉበት ጊዜ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ይጥላሉ። አንዲት ደሴት ስለዚህ በዓመት ሁለት የመራቢያ ወቅት ሊኖራት ይችላል። በጥር ያያት ሰው ስለ ሰኔ ነዋሪዎቿ የሚያውቀው የለም፤ በሰኔ ያያትም ስለ ጥር።

የባሕሩ እንግዶች እስከ እኛም ይዘልቃሉ። ከሰሜን ሩሲያ የሚመጡ ጥቁር ጀርባ ሲጋሎች በቀይ ባሕር ወደቦች ላይ ይከርማሉ፤ የተወሰኑት ወደ ውስጥ ገብተው በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ላይ ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ ኋላ ይበራሉ። በአብያታ ሐይቅ ዳር በኅዳር ወር በትናንሽ መንጋ ሆነው የሚሮጡት ጭቃ ለቃሚዎችም የምጽዋን ጭቃ ከሚለቅሙት ጋር የአንድ ዘር ናቸው። ባሕር ዳር የሌላት ኢትዮጵያ የባሕር ወፎችን ታስተናግዳለች።

በልግ፦ የስንቅ ወራት

መጋቢትና ሚያዝያ አጭር ቢሆኑም ወሳኝ ናቸው። የሰሜኑ እንግዶች ለሺህ ኪሎ ሜትሮች በረራ ስብ ማከማቸት አለባቸው። በቂ ስብ ሳይዝ የሚነሣ ወፍ ቢደርስ እንኳን ለመውለድ አቅም አይኖረውም፤ ስለዚህ የአንድ ዳርቻ ጭቃ በመጋቢት ቢበላሽ ጉዳቱ የሚታየው በሰኔ በሳይቤሪያ ነው። እነዚህ ሲወጡ ተርኖቹ ከውቅያኖስ ይገባሉ፤ ዓመቱም እንደገና ይጀምራል።

አደጋውም ወር አለው

በክረምት ለሚወልዱት ትልቁ የቅርብ አደጋ እንቁላል ሰብሳቢ እጅ ነው። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ብዙ ደሴቶች ላይ ዓሣ አጥማጆች እንቁላልና ጫጩት መሰብሰባቸው የቆየ ልማድ ነው። ትኩስ ምግብ በማይገኝበት ባሕር ላይ ለሚውል ሰው ይህ የሚገባኝ ፍላጎት ነው። ነገር ግን አንዱ ሸርጣን በል በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል። ያ አንድ እንቁላል ከተወሰደ ዓመቱ አለፈ። በጉድጓዶቹ ላይ መራመድ ብቻ እንኳን አሸዋውን ደርምሶ ጫጩቱን ይቀብራል። ከጀልባ የሚወርዱ አይጦችና ድመቶች ደግሞ ሰው ከሄደ በኋላም ይቀራሉ። አውሬ አይደርስም ብሎ መሬት ላይ የወለደ ወፍ ለእነርሱ መከላከያ የለውም።

ሁለተኛው አደጋ ዘይት ነው። ላባው በነዳጅ የተነካ ወፍ ውሃ ይሰርገዋል፣ መንሳፈፍ ያቅተዋል፤ ሊያጸዳው ሲሞክር መርዙን ይውጣል። ቀይ ባሕር ከዚህ አደጋ ለጥቂት ያመለጠባቸው ጊዜያት ሩቅ አይደሉም። በየመን ዳርቻ ለዓመታት ያለ ጥገና ቆሞ የነበረው ሴፈር የተባለው የነዳጅ ማከማቻ መርከብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ይዞ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪነት ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ የተገለበጠው በሐምሌና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለችው መርከብ ተመትታ 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ እንደጫነች ሰጠመች፤ ከመስጠሟ በፊትም ረጅም የዘይት ዝርጋታ በባሕሩ ላይ ጥላ ነበር። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሚሊዮን በርሜል ያህል ድፍድፍ የጫነችው ሱኒዮን የተባለች መርከብ ተመትታ ለሳምንታት ስትነድ ቆይታ ተጎትታ ወጣች፤ ነዳጇ አልፈሰሰም።

ቀኖቹን ከነፋሱ ጋር አስተያዩአቸው። በነሐሴ የሚፈስ ዘይት የላይኛውን ውሃ ተከትሎ ወደ ደቡብና ወደ ሰርጡ ይሄዳል፤ በመንገዱ ላይ ያሉት የጫጩት ወላጆች ናቸው። በየካቲት የሚፈስ ደግሞ ወደ ሰሜን ተገፍቶ በባሕሩ ውስጥ ይቆያል፤ የሚነካውም የጭቃውን እንግዶችና የኦስፕሬይን ጎጆ ነው። አደጋ ሲደርስ የትኛው ደሴት ቅድሚያ ይጠበቅ የሚለው መልስ በየወሩ ይለያያል። አንድ ካርታ ብቻ ያለው ዝግጅት ለግማሽ ዓመት የተሳሳተ ካርታ አለው።

የሚጠየቀው ጥቂት ነው

አንዳንድ ጅማሮዎች አሉ። ከጅቡቲ ከተማ በስተደቡብ እስከ ሎያዳ ያለው ዳርቻ በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ጥቅም ያለው ረግረግ ሆኖ ተመዝግቧል። በባብ ኤል መንደብ አፍ ያሉት ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉት ደሴቶችም በጅቡቲ ሕግ ጥበቃ ተሰጥቷቸዋል። ኢትዮጵያም የስደተኛ ውሃ ወፎችን ለመጠበቅ የተደረገው የአፍሪካና የዩሮኤዥያ ስምምነት አባል ናት። የኛ ጉዳይ አይደለም ለማለት አይመችም፤ የምንለብሰውም የምንነዳበት ነዳጅም አብዛኛው በዚያው ሰርጥ ደጃፍ ባለው በጅቡቲ ወደብ ይገባል። ሾፌሮቻችን ሌት ተቀን የሚመላለሱበት ወደብ ከወፎቹ የበጋ ጭቃ ጋር ጎን ለጎን ነው። ባሕሩን የምንጠቀም ከሆነ ስለ ንጽሕናው የመናገር ድርሻም አለን።

ሥራውም ከባድ አይደለም። ወፍ የሚወልድባቸው ደሴቶች ይታወቁ፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ሰው አይውረድባቸው፤ በሌላው ወር ዓሣ አጥማጁ ቢያርፍባቸው ማንም አይከልክለው። ኦስፕሬይ ያለባቸው በጥር ይጠበቁ። የወደብ ጭቃ በበጋ አይሞላ፣ አይቆፈር፤ ሥራው ወፎቹ ወደሌሉበት ወር ይዛወር። የዘይት አደጋ ዝግጅት ሁለት ካርታ ይኑረው፤ አንድ ለደቡብ ነፋስ፣ አንድ ለሰሜን። ይህን የሚያስፈጽመው ከሁሉ በፊት ባሕሩን ከሚያውቁት ከአፋርና ከዳህላክ ዓሣ አጥማጆች የተመረጠ ጠባቂ ነው፤ ደመወዙም ለብዙ ደሴት የሚበቃ ሥራ ያሠራል።

ወፎቹ ለልጆቻቸው የመረጡት ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ሊርቀው የሚፈልገውን ወቅት ነው። በሰኔ ቀትር በዚያ አሸዋ ላይ መቆም የሚመኝ የለም። ስለዚህ ከኛ የሚጠየቀው የማንፈልገውን ቦታ፣ በማንፈልገው ጊዜ፣ ለጥቂት ወራት መተው ብቻ ነው። ለእኛ ይህ ምንም አያጎድልም፤ ለሸርጣን በሉ ግን የዓመቱ ብቸኛ እንቁላል ነው። ይህን ላለማድረግ አንድም በቂ ምክንያት አላገኘሁም።